ለእኛ የሚሆን ባሕር የቱ ነው?

እህቶቼ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ባሕር አይታችኋል? አብዛኞቻችሁ «አዎ» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም አዎ እላለሁ። ግን እንዴት አድርገን ነው ያየነው? ማዳም ጃንጥላ ስር ተቀምጣ፣ ባባ ስልክ እያወራ፣ እኛ ደግሞ ፎጣና የልጆች ልብስ የሞላ ቦርሳ ትከሻችን ላይ አንጠልጥለን፣ ጫማችንን እንኳ ሳናወልቅ፣ ዓይናችን ከልጆቹ ላይ ሳይነቀል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስቱም አሉ። እንደገና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እኔ ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እንዲህ ልጅ ስቆጥር ነው። የውሃውን ቀለም ብትጠይቁኝ አላስታውስም፤ የልጆቹን የዋና ልብስ ቀለም ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያኛው ባሕር አይደለም። በራሳችን ኦፍ፣ በራሳችን ገንዘብ፣ በራሳችን እግር ስለምንሄድበት ባሕር ነው። የትኛው ይሻላል? ለማን ይሻላል? በአራት ቦታ ዞረን ያየነውን፣ ጥሩውንም መጥፎውንም ሳልደብቅ ልንገራችሁ።

እኔ የምሠራው ሐታ ነው። ሐታ የዱባይ ናት፤ ግን ከከተማው 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐጀር ተራሮች መካከል የተቀመጠች፣ ባሕር የሌላት ዱባይ ናት። ጎረቤታችን መስፉት ደግሞ የአጅማን ናት፤ እሷም ባሕር የላትም። ዱባይም አጅማንም ባሕር ሞልቷቸዋል፤ የተራራው ቁራጭ ላይ ያለነው ግን ከሁለቱም አልደረሰንም። ቅዳሜና እሁድ ሲሆን የከተማው ሰው በመኪና ተሰልፎ ወደ እኛ ይወጣል፤ ግድቡ ላይ ካያክ ሊቀዝፍ፣ ተራራ ሊወጣ፣ ነፋስ ሊቀበል። እኛ ደግሞ ኦፍ ስናገኝ ወደ እሱ ባሕር እንወርዳለን። መንገድ ላይ እንተላለፋለን። ግድቡስ ውሃ አይደለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ውሃ ነው፣ ያምራልም። ግን መዋኘት አይፈቀድም። እግርሽን ነክረሽ መቀመጥ ካማረሽ መውረድ የግድ ነው።

ነገሩን ያስነሳችው አንዲት ጓደኛችን ናት። የወሎ ሐይቅ ልጅ ናት፤ ውሃ ዳር ነው ያደገችው። ስድስት ዓመት ሐታ ሠርታ ኮንትራቷ መጋቢት ላይ ያልቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጠቅልላ ልትገባ ነው። ኅዳር ላይ ቡና ስንጠጣ «ስድስት ዓመት ዓረብ አገር ኖሬ ባሕር ሳልነካ ብገባ ሰው ምን ይለኛል?» አለች። ስቀን ነበር የተቀበልናት። በኋላ ሳስበው ግን የሚያስቅ አልነበረም። የሦስታችን ኦፍ በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ይገጥማል። እስከ የካቲት ባለው ጊዜ አራት ቦታ ሄድን።

መጀመሪያ ያደረግነው ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው፤ ስልክ ከፍተን «ምርጥ የባሕር ዳርቻዎች» የሚሉትን ማየት። ከአንድ እስከ አሥር ደረጃ የሰጡ መዓት ዝርዝሮች አሉ። የእኔ የመጀመሪያ ቅሬታ እነዚህ ላይ ነው። የሚለኩት ምንድን ነው? አሸዋው ምን ያህል ነጭ ነው፤ አጠገቡ ምን ዓይነት ምግብ ቤት አለ፤ የሚከራይ ወንበር አለ ወይ፤ መኪና የት ይቆማል። መኪና ማቆሚያ ሁሉም ላይ ተጽፏል። ስንተኛው አውቶቡስ እንደሚያደርስና በስንት ሰዓት እንደሚመልስ ግን ከስንት አንዱ ነው የሚጽፈው። ዝርዝሩን ያወጣው ሰው ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ በሃያ ደቂቃ ደርሶ ሲደክመው የሚመለስ ሰው ነው። በማታ እንጀራ ጠባቂ ቤት በሰዓቷ መድረስ ያለባትን ሴት አላሰባትም።

ይህ የዝርዝር አውጪዎች ብቻ ችግር አይደለም። በግንቦት 2022 ዱባይ ለባሕር ዳርቻዎቿ ትልቅ ዕቅድ አጽድቃለች፤ ለሕዝብ ክፍት የሆነው ዳርቻ ከ21 ኪሎ ሜትር ተነስቶ በ2040 ወደ 105 ኪሎ ሜትር ይደርሳል ተብሏል። በጣም ጥሩ ነገር ነው፤ የሚያስመሰግን ነው፤ ባሕሩ ሁሉ ሆቴል ሆኖ ቢቀር ማን ይከለክል ነበር? ግን እንደ እኔ ላለች ሴት ዳርቻ በኪሎ ሜትር አይለካም። የእኛ ኦፍ የሚለካው በሰዓት ነው። መቶ ኪሎ ሜትር ዳርቻ ቢኖር፣ ደርሼ ለመመለስ ስምንት ሰዓት ከፈጀብኝ፣ ለእኔ ክፍት ነው ማለት ያስቸግራል።

እኛንም አልምርም። እኛስ በምን ነው የምንመርጠው? በፎቶ ነው! ከጀርባ ቡርጅ አል ዓረብ ከታየ ጥሩ ባሕር ነው፤ ካልታየ መጥፎ ነው። አገር ቤት የሚላከው ፎቶ «ደህና ነኝ፣ ደልቶኛል» እንዲል እንፈልጋለን። አልፈርድም፣ እኔም ልኬያለሁ። ግን በፎቶ የመረጥነው ቦታ ፎቶ ብቻ ሰጥቶን ይመልሰናል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ተቀምጠን የራሳችንን መለኪያ አወጣን። አምስት ናቸው። አንደኛ፣ መንገዱ ከኦፋችን ስንት ሰዓት ይበላል? ሁለተኛ፣ ደርሶ መልስ ከነምግቡ ስንት ድርሃም? ሦስተኛ፣ ሳይከፈልበት ጥላ፣ ሽንት ቤትና ልብስ መቀየሪያ አለ ወይ? አራተኛ፣ በሻሻችንና በረጅም ቀሚሳችን ሳንሳቀቅ እንቀመጥበታለን ወይ? አምስተኛ፣ ብንሰምጥ ማን ያወጣናል? አምስተኛውን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥነው ስላልገባን ነው። አሁን ብሆን መጀመሪያ አስቀምጠው ነበር።

የመጀመሪያው ጉዞ ጁሜራ ነበር፤ ካይት ቢች። በሐታ ኤክስፕረስ፣ ኤች ዜሮ ሁለት በሚባለው አውቶቡስ፣ 25 ድርሃም በኖል ካርድ ከፍለን ዱባይ ሞል ወረድን። አውቶቡሱ በየሁለት ሰዓቱ ነው፤ አንዱ ካመለጠሽ ኦፍሽ በሁለት ሰዓት አጠረ ማለት ነው። ከዚያ እንደገና ሌላ መጓጓዣ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከቤት ወጥተን አሸዋ ስንረግጥ 6 ሰዓት አልፎ ነበር። ቦታው ራሱ ያምራል፤ መግቢያ አይከፈልም፤ ሽንት ቤትና ሻወር አለው፤ ነፍስ አዳኝ ዋናተኞችም ከፍ ብለው ተቀምጠው ይጠብቃሉ። በዚህ በኩል ምንም አይወጣለትም። ጥላ ግን የሚከራይ ነው። የምግቡ ዋጋ ደግሞ የእኛን ዳቦና ቆሎ የሚያስመሰግን ነው።

ሰው ክፉ አልተናገረንም። እውነቱን መናገር አለብኝ። ዙሪያችን በዋና ልብስ የሚሮጥና የሚተኛ ሰው ነው፤ እኛ ሦስታችን በረጅም ቀሚስ አንድ ፎጣ ላይ ተጨናንቀን ተቀምጠናል። አንዲት ሴትዮ በደግነት ፈገግ ብላ መጥታ «ልጆቹ የት ሄዱ?» ብላ ጠየቀችን። ሞግዚት መስለናት ነው። ውሸት አይደለም፣ ሞግዚቶች ነን። ግን እሁድ ነበር። ጓደኛዬ «ቤት ናቸው» ብላ መለሰች፤ ከዚያ በኋላ ብዙ አላወራንም። ያን ቀን 47 ፎቶ አንስተናል። እግሩን ውሃ የነካ ግን ከመካከላችን አልነበረም።

ስለ ጁሜራ ሌላም መባል ያለበት አለ። ቆየት ያሉ እህቶች የሚያወሩት ጁሜራ 1 ላይ የነበረውን ክፍት ዳርቻ ነው። በ2017 ላ ሜር ተብሎ ተሠራበት፤ ሱቅና ካፌ መጣ። እሱም ከጥቂት ዓመት በኋላ ፈርሶ በ2024 ጄ ዋን ቢች ተብሎ የተከፈተው ደግሞ የውድ ምግብ ቤቶችና የባሕር ክለቦች ቦታ ነው። አሸዋው ያው አሸዋ ነው። ግን በየጊዜው ስሙ ሲቀየር ወንበሩ እየበዛ፣ ዝም ብሎ መሬት ላይ የሚቀመጥበት እየጠበበ ይሄዳል። አንድን ዳርቻ ለሕዝብ የሚያደርገው አጥር አለመኖሩ ብቻ አይደለም። ምንም ሳትገዢ አምስት ሰዓት ብትቀመጪ ማንም «ምን ልታዘዝ?» የማይልሽ መሆኑም ነው።

ሁለተኛው አል ማምዛር ነው፤ በዱባይና በሻርጃ ድንበር ላይ። ፓርኩ መግቢያው 5 ድርሃም ነው፤ በኖል ካርድ ይከፈላል። ለ5 ድርሃም የምታገኙት ግን ብዙ ነው፤ ዛፍ፣ ሣር፣ ጥላ፣ ሽንት ቤት፣ ልብስ መቀየሪያ። ባሕሩ ወደ ውስጥ የታጠፈ ስለሆነ ማዕበሉ ለስላሳ ነው። በዙሪያችን የተቀመጠው ሰው እንደኛው ፔርሙዝና ድስት ይዞ የመጣ ነው፤ የፊሊፒንስ ሴቶች፣ የሕንድ ቤተሰቦች፣ የግብፅ እናቶች። ሁሉም ከነልብሱ ነው። «ልጆቹ የት ሄዱ?» የሚል አልመጣም።

ማምዛርን የምነቅፈው በአንድ ነገር ነው። ፓርኩ ለሴቶች ብቻ ብሎ ቀን ለይቷል፤ ለብዙ ዓመታት ሰኞና ረቡዕ ነው። ሐሳቡ እንዴት ጥሩ ነው! እንደኛ ላለች፣ ሰው ፊት ልብሷን ማርጠብ ለምታፍር ሴት ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ግን ሰኞና ረቡዕ ኦፍ ያላት የቤት ሠራተኛ ማን ናት? የእኛ ኦፍ ብዙውን ጊዜ ዓርብ ወይም እሁድ ነው። ሰኞና ረቡዕ ወደዚያ የምንገባው ቦርሳ ተሸካሚ ሆነን ነው። «ሴቶች» ሲባል ቀኑን የመረጠው ሰው በሐሳቡ ያስቀመጣት ሴት ማን እንደሆነች ከቀኑ ይታወቃል። የዱባይ ማዘጋጃ ቤት በማምዛር ኮርኒሽ በኩል ለሴቶች ብቻ የታጠረ ዳርቻ እንደሚሠራ በዕቅዱ አስታውቋል። ያ ሲሆን እሁድም ክፍት ከሆነ፣ አድናቆቴን በዚሁ መጽሔት ለመጻፍ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ።

ጓደኛችን ግን እዚያም ውሃ አልነካችም። ዛፍ ተደግፋ ቡና ስትቀዳልን ዋለች። «ነይ እንጂ!» ስንላት «ቆይ፣ ይደረስበታል» ትላለች። ብርድ ፈርታ መሰለን።

ሦስተኛው ጉዞ ሻርጃና አጅማን ነው። ሻርጃ አል ኻን ዳርቻ ላይ ጥቂት ተቀምጠን አለፍን። በሻርጃ ከ2001 ጀምሮ ስለ አለባበስ ጥብቅ ደንብ አለ። ሌሎች ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል፤ ለእኔና በተለይ ሂጃብ ለምትለብሰው ሦስተኛዋ ጓደኛችን ግን እረፍት ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየን እኛ አልነበርንም። አንድ ሰው የሚያማርርበት ደንብ ሌላውን ሊያሳርፈው እንደሚችል ዝርዝር አውጪዎቹ አያውቁም።

ከዚያ አጅማን ኮርኒሽ። እህቶች፣ አጅማንን ወደድኩት። መግቢያ የለውም። በአንድ በኩል ባሕር፣ በሌላ በኩል መንገድ ተሻግሮ ሻይ ቤቱ፣ ሻዋርማው፣ ሱቁ። በሻይ ዋጋ ፀሐይ ስትጠልቅ ታያላችሁ። ፀሐይዋ እዚህ በኩል ባሕር ውስጥ ነው የምትገባው። የሠራተኛ ከተማ ባሕር ነው፤ ማንም ማንንም «አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብሎ አያይም። ጉድለቱ ማታ ላይ ወንዱ ይበዛል፤ ብቻችሁን አትሂዱ፣ ሁለትና ሦስት ሁኑ። አጅማንና ሻርጃ ለምትሠሩ እህቶች ከዚህ የተሻለ አያስፈልጋችሁም። ከዱባይም በኢ 400 አውቶቡስ ከዩኒየን ይደረሳል። ለሐታ ልጅ ግን ከሩቅ የሚያዩት ሠርግ ነው። ከተራራ ወደ ዱባይ፣ ከዱባይ ወደ ዩኒየን፣ ከዩኒየን ወደ አጅማን፤ እንደዚያው መመለስ። ያን ቀን ባሕሩ ዳር የተቀመጥነው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። መንገድ ላይ የነበርነው ከዚያ አራት እጥፍ ይበልጣል። በር ላይ የጠበቀን ፊት ምን ይመስል እንደነበር አልነግራችሁም።

አራተኛው ካልባ ነው። ለሐታ የሚቀርበው ባሕር ይኸው ነው፤ ግን በሌላ በኩል፣ በምሥራቅ፣ በኦማን ባሕረ ሰላጤ ላይ ነው። ከተማዋ የሻርጃ ናት፤ ከዋናው ሻርጃ ግን ተነጥላ ፉጀይራ አጠገብ ተቀምጣለች። ፈቃድ ያለው ታክሲ አራት ሆነን ተከፋፍለን ሄድን፤ ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳይበልጥ ደረስን። ፈቃድ የሌለው መኪና ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትገቡ፤ አደጋ ቢደርስ ማንም አይጠየቅላችሁም። ካልባ ስትደርሱ በአንድ በኩል ባሕር ውስጥ የበቀለው የማንግሮቭ ደን፣ በሌላ በኩል የዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች፣ ከኋላ ተራራው። ጸጥታ። በዱባይ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ከአራቱም ግን ለዓይን የሚያምረው እሱ ነው። ሰውም አልነበረም።

ችግሩም እሱ ነው፤ ሰው አልነበረም። የምሥራቁ ባሕር እንደ ማምዛር አይደለም። ፊቱ ለሕንድ ውቅያኖስ የተከፈተ ነው፤ ማዕበሉ ይበረታል፣ ውሃውም ቶሎ ይጠልቃል። በ2021 ሻሂን የተባለው አውሎ ነፋስ በኦማን በኩል ሲመጣ ካልባ ላይ ባሕር ዳር የነበሩ ሰዎችን ከቤታቸው እስከማስወጣት ተደርሷል። እኛ ይህን ሁሉ የት እናስብ! ጓደኛችን በመጨረሻ ጫማዋን አወለቀች። ደስ ብሎን እልል ልንል ምንም አልቀረንም። እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች። አንድ ማዕበል መጣ፣ ተመለሰ። ሁለተኛው ሲመለስ ቀሚሷን ይዞ ሄደ። ረጅም የጥጥ ቀሚስ ውሃ ሲጠጣ ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ቀን ነው ያየሁት፤ ሰው እግርሽን ይዞ እንደሚጎትት ነው። ወደቀች። ሁለታችን ክንዷን ይዘን ጎተትናት፤ መረብ ሲያበጅ የነበረ ሰውዬም እየጮኸ ሮጦ መጣ። ውሃው ከጉልበት አይበልጥም ነበር። ጉልበት ድረስ ባለ ውሃ!

አሸዋው ላይ ስትቀመጥ ነው የነገረችን። ታናሽ ወንድሟ ከአምስት ዓመት በፊት ከጅቡቲ፣ ከኦቦክ ተነስቶ ወደ የመን ሲሻገር ጀልባው ተገልብጦ ቀርቷል። ወደ እሷ ለመምጣት አልነበረም፤ ወደ ሳውዲ ነበር። «ይህ ውሃ ከዚያ ጋር ይገናኛል አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። ይገናኛል። የኦማን ባሕረ ሰላጤ ወደ ዓረብ ባሕር፣ የዓረብ ባሕር ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ ከዚያ ባብ ኤል መንደብ። ልዋሻት አልቻልኩም። ከየመን ዳርቻ በሰኔ 2024 በሰጠመ አንድ ጀልባ ብቻ፣ ከተሳፈሩት 260 ያህል ሰዎች ቢያንስ 49 ሞተው 140 መጥፋታቸውን ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ተናግሯል፤ የተሳፈሩት ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከመካከላችን የሚያውቀው ሰው ባሕር ያልበላበት ስንቱ ነው? ባሕር ዳር ስንሄድ ለፎቶ የምንሰለፈው፣ ውሃውን ግን የማንነካው፣ አለመልመድ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

እኔም ያን ጊዜ ነው መለኪያችንን የገለበጥኩት። «የትኛው ይበልጥ ያምራል?» ብሎ መጀመር ስህተት ነው። የምንጀምረው «የትኛው ነው ሳንፈራ የምንገባበት፣ ብንወድቅም የሚያነሳን ያለበት?» ከሚለው ነው። ካልባ በቅርበትም በገንዘብም በጸጥታም አሸንፎ በዚህ ወደቀ። ተቀምጦ ለማየት፣ ለመጸለይ፣ ለማልቀስም ከፈለጋችሁ ከካልባ የተሻለ የለም። ለመግባት ግን አይሆንም።

ለምትገቡ እህቶች ካየነውና ከተማርነው ጥቂት ልተው። ነፍስ አዳኝ ያለበት ቦታ ብቻ ግቡ፤ እሱም በሥራ ሰዓቱ። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ አትግቡ፤ «ትንሽ ብቻ» የሚባል የለም። ውሃ ወደ ጥልቁ ከወሰዳችሁ ፊት ለፊት ወደ ዳር ለመመለስ አትታገሉ፤ ያደክማል፤ ተንሳፋችሁ እጅ አውጡና ጩኹ፣ የምትዋኙ ከሆነ ወደ ጎን ሂዱ። ረጅም ቀሚስና ነጠላ ይዛችሁ አትግቡ፤ ከላይ ሰፊ ሹራብ፣ ከታች ጠባብ ሱሪ ይሻላል፤ ሰውነትም ይሸፍናል፣ ውሃም አይሸከምም። አንዷ ሁልጊዜ ዳር ትቀመጥ፤ ስልክና ቦርሳ ትጠብቅ፣ ዓይኗንም ከሌሎቹ አታንሳ። በበጋው ሙቀት እኩለ ቀን ላይ አትሂዱ። አገሩ ራሱ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 በፈረንጅ አቆጣጠር ሰው ቀትር ላይ ፀሐይ ውስጥ እንዳይሠራ ይከለክላል። ዱባይ በ2023 ጁሜራ 2፣ ጁሜራ 3 እና ኡም ሱቀይም 1 ላይ በድምሩ 800 ሜትር የሚሆን የሌሊት መዋኛ ዳርቻ መብራትና ነፍስ አዳኝ አድርጋ ከፍታለች፤ ከተማ ውስጥ ለምትሠሩና ማታ ኦፍ ለምታገኙ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ከሁሉም የሚቀድመው። ባሕር ከመምረጥ በፊት ቀኑ መኖር አለበት። እኛ ሦስታችን በየሁለት ሳምንቱ የምንገናኘው ዕድለኞች ስለሆንን ነው። ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ የምትሠራ እህት አለች፤ ዳቦ ስትገዛ በር ላይ ካልሆነ አግኝተናት አናውቅም። ለእሷ ጁሜራም ማምዛርም አንድ ነው፤ የለም። በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ የፌዴራል ድንጋጌ ቁጥር 9፣ በሳምንት አንድ ቀን ደመወዝ የማይቆረጥበት እረፍት እንዳለን፣ በቀን ደግሞ 12 ሰዓት፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 8ቱ ያልተቋረጠ እረፍት እንደሚገባን ይናገራል። በእረፍት ቀን ከተሠራም ምትክ ቀን ወይም ክፍያ አለው። መታወቂያችንንም ራሳችን እንድንይዝ ይላል። ይህን የምለው ነገ ጠዋት ተጣሉ ለማለት አይደለም። ስትጠይቁ ውለታ እየለመናችሁ እንዳልሆነ እንድታውቁ ነው። «ክፍልሽ ገብተሽ እረፊ» የሚባለው እረፍት ስልኩ ሲጠራ የሚያልቅ እረፍት መሆኑን ሁላችንም እናውቀዋለን።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። አጅማንና ሻርጃ ላላችሁ፣ አጅማን ኮርኒሽ። ከተማ ውስጥ ለምትሠሩና የማታ ኦፍ ላላችሁ፣ የጁሜራ የሌሊት ዳርቻዎች። ለማየት ብቻ ለሚመጣ የሐታ ልጅ፣ ካልባ። ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትገባ፣ ለምትፈራ፣ ከየትም ብትመጣ፣ አል ማምዛር። መንገዱ ለእኛ ረጅም ነው፣ ወጪውም ከነአውቶቡሱ ከ60 ድርሃም አያንስም። ግን ደርሳችሁ የምታገኙት ነገር ያንን ያህል ያወጣል።

የመጨረሻዋ እሁድ የካቲት ላይ ነበረች። የት እንሂድ ስንል ጓደኛችን ራሷ «ማምዛር» አለች። ሱሪና ሰፊ ሹራብ ገዝታ መጥታለች። ነፍስ አዳኙ ከተቀመጠበት ፊት ለፊት፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን እስከ ወገባችን ገባን። እሷ ውሃ በእፍኟ ዘግና ፊቷን ታጠበች፤ ትንሽ ቆየችና «ጨው ነው፤ የእኛ ሐይቅ እንዲህ አይደለም» አለች። ሌላ አላለችም፤ እኛም አልጠየቅናትም። ስንወጣ ሳላስበው ዞሬ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ልማድ ነው።

አሁን ሐይቅ ገብታለች። በስልክ ስንገናኝ ጎረቤቶቿ «ባሕሩ እንዴት ነው?» እያሉ እንደሚጠይቋት ነገረችኝ። እናንተ ደግሞ ራስ አል ኸይማ፣ ኡም አል ቁወይን፣ ፉጀይራ ያላችሁ፣ የእናንተን ባሕር በእነዚህ አምስት መለኪያዎች ለክታችሁ ጻፉልን። አውቶቡሱን፣ ዋጋውን፣ ጥላውን፣ ሰውን፣ ነፍስ አዳኙን። የአሸዋውን ንጣት ሌሎች ጽፈውታል።